ቪታራ፣ ረሽ፣ ክሬታ ወይስ ጂምኒ? ትንሽ የቤንዚን ኤስዩቪ ከመግዛታችሁ በፊት ጉልበቷንና ነዳጇን አዲስ አበባ ላይ እንዴት ለክታችሁ ታወዳድራላችሁ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ የሚዞሩት ቪታራና ረሽ፣ ክሬታና ጂምኒ ቀድመው የገቡት ናቸው፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞሩት፣ ዋጋቸው ደሞ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚ ተሳስቶ መግዛት በጣም ያስከፍላል። ሰው ግን አሁንም መኪና ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀው ያችኑ አንድ ጥያቄ ነው፣ "በሊትር ስንት ትሄዳለች?"። ደላላው "አስራ አምስት!" ይላል፣ ሻጩም "አዎ ትሄዳለች" ይላል፣ በቃ አለቀ። የት መንገድ ላይ፣ ስንት ሰው ተጭኖ፣ በምን ዘዴ ተለክቶ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ደሞ የምለው ይሄንን ነው፦ ካታሎግ ላይ ያለው የፈረስ ጉልበትም የነዳጅ ቁጥርም የኛን ከተማ አያውቅም፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ስለዚ ሁለት መኪና ማወዳደር የፈለገ ሰው እዚሁ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ አለካክ ራሱ መለካት አለበት። ከባድ ነገር አይደለም፣ እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ኢንተርኔት ላይ የምታገኙትን ቁጥር ማንበብ እንወቅ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው የሚሳሳተው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ የሚጠቀሙበት ኤንኢዲሲ የሚባለው ፈተና ላብራቶሪ ውስጥ ሮለር ላይ የሚደረግ ነው፣ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ነዳጅ አረጋገጡ ደሞ በጣም ለስላሳ ነው። ከ2017 ጀምሮ (በፈረንጆች) ደብልዩኤልቲፒ የሚባል ጠንከር ያለ ፈተና መጣ። ልዩነቱን በአንድ መኪና እዩት፣ አዲሷ ጂምኒ 1.5 ማንዋል በአሮጌው ፈተና በ100 ኪሎ ሜትር 6.8 ሊትር ነበረች፣ በአዲሱ 7.9 ሆነች። መኪናዋ ያችው ናት፣ ሞተሩም ያው፣ የተቀየረው ፈተናው ነው። በኛ አነጋገር በሊትር 14.7 የነበረችው 12.7 ሆነች ማለት ነው። እና አንዱን መኪና በአሮጌው ፈተና ሌላውን በአዲሱ አወዳድሮ "ይቺ ትበላለች ያቺ አትበላም" ማለት ውሸት ነው የሚሆነው። ቪታራ 1.6 ማንዋል የፊት ጎማ ነጂዋ 5.3 ተብላ የምትጠቀሰው በአሮጌው ነው፣ ወደ ሊትር ስትቀይሩት 19 ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ ይሄንን ቁጥር ይዞ መገናኛ ላይ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

መቀየሪያው ቀላል ነው፣ 100ን በሊትሩ ማካፈል ነው። አሜሪካ ያለው ወንድማችሁ በማይል ከነገራችሁ በ0.425 አባዙት፣ የእንግሊዝ ከሆነ ደሞ በ0.354፣ ጋሎናቸው ስለሚለያይ ነው። ይሄን ሳያውቁ የሎንዶኑን 40 ማይል ከዋሽንግተኑ 40 ማይል ጋር እኩል አድርገው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፣ እኩል አይደለም፣ 14 እና 17 ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ተርቦ (አየር እየጨመቀ ሞተሩ ውስጥ የሚከት ዕቃ) የሌለው ሞተር አየሩን ራሱ ነው የሚስበው፣ አየሩ ሲሳሳ የሚያቃጥለው ቤንዚንም አብሮ ይቀንሳል፣ ሰው እንጦጦ ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ማለት ነው። በጥቅሉ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ቀንሱ። እና የቪታራ 1.6 120 ፈረስ ጉልበት እዚ 92 አካባቢ ይሆናል፣ የክሬታ 1.6 123 ደሞ 95፣ የረሽ 1.5 104 ደሞ 80፣ የጂምኒ 1.5 102 ደሞ 79 አካባቢ። ሁሉም እኩል ነው የሚቀንሰው ትሉ ይሆናል፣ ልክ ነው በመቶኛ እኩል ነው፣ ግን መኪናው ክብደቱን አይቀንስም እኮ፣ ችግሩ እዚ ላይ ነው። ቪታራ 1.6 እንደ ዓይነቷ ከ1,100 እስከ 1,200 ኪሎ ትመዝናለች፣ ረሽ 1,290 ገደማ ናት። አራት ሰውና ሻንጣ ብላችሁ 300 ኪሎ ጨምሩ። ቪታራ ላይ አንድ ፈረስ የሚጎትተው 16 ኪሎ ያህል ነው፣ ረሽ ላይ 20 ይደርሳል፣ ጂምኒ ላይ 18 አካባቢ። ይሄ ልዩነት ሜዳ ላይ አይታወቃችሁም፣ ዳገት ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ተርቦ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። ቪታራ 1.4 ቡስተርጄት 140 ፈረስ ናት፣ ከሁሉ በላይ ግን 220 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ ማለት ጎማውን የማዞር ኃይል፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ትሰጣለች፣ የ1.6ቷ 156 ብቻ ነው፣ እሱም ሞተሩን በደንብ ካስጮሃችሁት በኋላ። ተርቦው አየሩን ራሱ ስለሚጨምቅ የሳሳውን አየር አብዛኛውን ያካክሰዋል። ስለዚ ባህር ጠለል ላይ የ20 ፈረስ ብልጫ የነበራት መኪና አዲስ አበባ ላይ ብልጫዋ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ናት፣ ግን ዘይቷን በጊዜዋ የማይቀይር ሰው ከነበረ የያዛት ተዉት፣ ተርቦ በቆሸሸ ዘይት ነው የሚሞተው።

አንድ ሰው ሁሉ በተቃራኒው የሚያወራው ነገር አለ፣ "ከፍታ ነዳጅ ያስበላል" የሚባለው። ለድሮዎቹ ካርቡራቶር ሞተሮች እውነት ነው፣ የዘጠናዎቹ ቪታራ ካርቡራቶር ያላት ካልተስተካከለችላት እዚ ከፍታ ላይ ቤንዚን በዝቶባት ጥቁር ጭስ ታጨሳለች። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን አየሩን እየለካ ቤንዚኑን ይቀንሳል። እንዲያውም አየሩ ስስ ስለሆነ መኪናውን የሚገፋው ነፋስ ከባህር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፣ ረጅም መንገድ ላይ በ100 ስትነዱ ይሄ ይጠቅማችኋል። የከተማውን ነዳጅ የሚበላው ከፍታው ሳይሆን መቆሙ ነው። ትንሽ የቤንዚን ሞተር ቆሞ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ያቃጥላል፣ ኤሲ ከተከፈተ ደሞ ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል፣ እና ከቦሌ ሜክሲኮ አንድ ሰዓት ከቆማችሁ ያ ሊትር ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው የሄደው። ለዚ ነው "ከተማ ውስጥ ስንት ትሄዳለች" የሚለው ጥያቄ ሰዓቱንና መንገዱን ካልነገራችሁኝ መልስ የሌለው።

ከመለካታችሁ በፊት መኪናዋ ጤነኛ መሆኗን እዩ፣ አለበለዚያ የምትለኩት ሞዴሉን ሳይሆን የዛችን መኪና በሽታ ነው። ጎማውን ጠዋት ሳትነዱ በፊት የሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር አስሞሉ፣ ጎሚስታው "ትንሽ ቀነስ ይበል ይለሰልሳል" ካላችሁ እሺ አትበሉት። የአየር ፊልትሮው የከተማችንን አቧራ ሲስብ የኖረ ነውና አውጥታችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ካንዴላው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ፍሬን የሚይዝ ጎማ ካለ ትንሽ ነድታችሁ ቸርኬውን በእጃችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ እየያዘ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቴርሞስታት፣ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ዕቃ! ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። አንዳንድ ጋራዥ መኪና ሞቀ ብሎ የመጣለትን ሁሉ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥልለታል፣ ባለቤቱም "ከዛ ወዲህ ሞቃ አታውቅም" ብሎ ደስ ይለዋል። አዎ አትሞቅም፣ ችግሩ እኮ እሱ ነው፣ የአዲስ አበባ ብርድ ላይ ሞተሩ የሚገባው ሙቀት ጋ አይደርስም፣ ኮምፒውተሩ ደሞ ሞተሩ ገና እንደተነሳ አስቦ ቤንዚን መጨመሩን አያቆምም። ሞተሩም ቶሎ ይበላል ነዳጁም ይባክናል፣ ጥፋቱን የሚሸከመው ግን ሞዴሉ ነው፣ "ቪታራ ነዳጅ ትበላለች" ተብሎ ይወራል። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ ኦቢዲ ማንበቢያ፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ፣ ግዙ፣ ውድ አይደለም፣ መሪው ስር ሰኩትና የውሃውን ሙቀት እዩ። ጤነኛ ሞተር ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ገብቶ እዛው ይረጋል፣ መንገድ ሲከፈትላችሁ ወደ 60ዎቹ የሚወርድ ከሆነ ቴርሞስታቱ የለም ወይ ተበላሽቷል። እዛው ላይ ፊዩል ትሪም የሚለውን ተመልከቱ፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እየጨመረ ወይ እየቀነሰ እንደሆነ ያሳያል፣ የረጅም ጊዜው ከ10 በመቶ በላይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ከወጣ ኮምፒውተሩ የሆነ ነገር እያካካሰ ነው፣ የኦክስጅን ሴንሰር ወይ የአየር መፍሰስ ሊሆን ይችላል። የጎማ ቁጥሩንም ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ፣ ቪታራ ላይ 215/55 አስራ ሰባት በ215/60 ከተቀየረ ጎማው 3 በመቶ ይበልጣል፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያን ያህል አሳንሶ ይቆጥራል፣ እና መኪናዋ ካለችው በላይ የምትበላ ትመስላለች። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታችሁ ርቀቱን ብታመሳክሩ ሁሉም ይገለጣል።

አለካኩ ከሙሉ ታንክ እስከ ሙሉ ታንክ ነው። ዳሽቦርድ ላይ የሚያሳየውን አማካይ እንደ ማስረጃ አትውሰዱት፣ ብዙ ጊዜ ለራሱ ያደላል። ማደያ ሄዳችሁ ሙሉ አስሞሉ፣ ፓምፑ ራሱ ቀጭ ብሎ ሲያቆም አቁሙ፣ ቀጂው ሂሳቡ እንዲሞላለት ጨመር ጨመር እንዳያደርግ ቀድማችሁ ንገሩት። ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አድርጉ፣ ንዱ፣ ተመልሳችሁ እዛው ማደያ፣ ከተቻለ እዛው ፓምፕ፣ መኪናዋ በዛው አቅጣጫ ቆማ እንደገና በመጀመሪያው ቀጭ አስሞሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ነው የምታካፍሉት፣ ቴሌብር ከከፈላችሁ የከፈላችሁት ብር ስለሚመዘገብ የፓምፑን ሊትር ፎቶ አንሱና አብራችሁ አስቀምጡት። እዚ ጋ አንድ ነገር፣ ፓምፑ የሚያቆምበት ቦታ በግማሽ ሊትር አንድ ሊትር ሊለያይ ይችላል። 40 ሊትር ላይ አንድ ሊትር ስህተት ኢምንት ነው፣ 8 ሊትር ላይ ግን ውጤቱን ገደል ነው የሚከተው። ስለዚ የራሳችሁ መኪና ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሦስት ታንክ ለኩ፣ በተለይ ለከተማ።

የሰው መኪና ከሆነ ግን ሻጩ ሳምንት አይሰጣችሁም፣ የታወቀ ነው። እንደዛ ከሆነ ሁለት የመጨረሻ እጩ ምረጡና ነዳጁን እኔ እችላለሁ ብላችሁ ከባለቤቱ ጋር አዳማ ደርሳችሁ ተመለሱ። የፍጥነት መንገዱ ብቻውን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ከከተማው ጋር ጥሩ ርቀት ይሆናል። መመለስ ግዴታ ነው! "አዳማ ሄጄ በሊትር 18 ሄደችልኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ወንድሜ ከመሀል ከተማ አዳማ ድረስ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው እኮ፣ ያንን ከፍታ መልሶ ለመውጣት ብቻ የ1,300 ኪሎ መኪና አንድ ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ትከፍላለች። ስትሄዱም ስትመለሱም በ90 እና በ100 መሀል ረጋ ብላችሁ ንዱ፣ ከ100 ወደ 120 ስትወጡ የነፋሱ ግፊት 44 በመቶ ይጨምራል፣ እና አንዱን መኪና በ100 ሌላውን በ120 ነድታችሁ ማወዳደር አይቻልም። ሁለቱም መኪና ላይ እኩል ሰው፣ ኤሲ ወይ ሁለቱም ላይ ክፍት ወይ ሁለቱም ላይ ዝግ፣ ፖርቶ መጋላ ያላት ካለች ደሞ ከተቻለ ይውረድላት፣ ካልተቻለ አስቡበት።

ጉልበት ለመለካት ከዜሮ እስከ መቶ ምናምን እያላችሁ መንገድ ላይ አትሩጡ፣ አደገኛ ነው፣ ደሞም ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ዳገት ነው። ሰው ሞልታችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡ፣ በየስንተኛው ማርሽ እንደምትወጣ እዩ። ማንዋል ከሆነች ሁለተኛ ላይ ተንተርሳ ነው የምትወጣው ወይስ ሦስተኛን ትችለዋለች? ኦቶማቲክ ከሆነች ማርሽ እያቀያየረች ታዳክማችኋለች ወይስ አንዱን ይዛ ትወጣለች? ዳገቱ ላይ ቆማችሁ እንደገና ተነሱ፣ ከኋላ ሲኖትራክ ቢኖር በሰላም ትነሳላችሁ? ከዛ ወጣ ብላችሁ ነጻ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 80 ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት አብሯችሁ ያለው ሰው በስልክ ይያዝ፣ ሁለቱንም መኪና እዛው ቦታ ላይ። የጭነት መኪና ደርቦ ለማለፍ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ጉልበት ነው፣ የደብረ ብርሃን ወይ የጎጃም መንገድ የሚሄድ ሰው ይገባዋል። አባይ በረሃን ከወንዙ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ደሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሳያቋርጥ ነው የሚወጣው፣ እዛ ላይ ደካማ ሞተር ሁለተኛ ማርሽ ላይ ጮሃ ነዳጇን ትጨርሳለች።

ስለ እያንዳንዷ የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ቪታራ 1.6 ቀላል ስለሆነች ነው የምታሸንፈው፣ ሞተሯ ምንም የተለየ ነገር የለውም፣ ክብደቷ ነው ሚስጥሩ፣ ለአንድ ቤተሰብ ለከተማና ለመስክ ከአራቱ ሚዛኗ የተሻለ እሷ ናት። ባለ አራት ጎማ ነጂዋ ትንሽ ትከብዳለች ትንሽ ትበላለች፣ ጭቃ የማትገቡ ከሆነ ባለ ሁለቱ ይበቃችኋል። ክሬታ 1.6 በጉልበት ከሷ ጋር አንገት ለአንገት ናት፣ ውስጧ ይመቻል፣ እነዚህን ሁለቱን የሚለያቸው የያዛት ሰው አያያዝ ነው እንጂ ካታሎጉ አይደለም። ረሽን ብዙ ሰው ነዳጅ ትበላለች እያለ ያማታል፣ እኔ ግን ትክክለኛ ፍርድ አይመስለኝም፣ ሰባት ሰው ትጭናለች፣ ከመሬት 220 ሚሊ ሜትር ከፍ ትላለች፣ የኋላ ጎማ ስለምትነዳ ሞልታችሁ ዳገት ስትወጡ መሬቱን በደንብ ትይዛለች። ችግሯ ኦቶማቲኳ አራት ማርሽ ብቻ መሆኑ ነው፣ ዳገት ላይ አንዱ ይከብዳታል ሌላው ይጮህባታል፣ መሀል የላትም። ረሽ ከፈለጋችሁ ማንዋሏን ፈልጉ። ጂምኒ ደሞ ሳጥን ናት፣ ፍጥነት መንገድ ላይ ነፋሱን ፊት ለፊት ነው የምትጋፈጠው፣ ታንኳም 40 ሊትር ብቻ ነው፣ አስፋልት ለአስፋልት ለሚሄድ ሰው ነዳጅም ምቾትም አታተርፍም። እውነተኛ ኮረኮንችና ጭቃ ውስጥ ለሚሰራ ሰው ግን ሌሎቹ ሦስቱ የማይገቡበት ትገባለች፣ እሷን በነዳጅ አታወዳድሯት።

ሂሳቡን ስትሰሩ በሊትር ስንት የሚለው አባባል ያታልላችኋል። ከ8 ወደ 10 የምትሻል መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ተኩል ታተርፋለች፣ ከ14 ወደ 16 የምትሻለው ግን አንድ ሊትር እንኳን አትሞላም፣ ሁለቱም "በሁለት ትበልጣለች" ነው የሚባለው። ስለዚ ሁሌም ወደ ዓመት ሊትር ቀይሩት። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በሊትር 9 የምትሄደው 1,667 ሊትር ትፈልጋለች፣ 12 የምትሄደው 1,250፣ ልዩነቱ 417 ሊትር ነው። እሱን በዛን ቀን የቤንዚን ዋጋ አባዙት፣ ዋጋው ስለሚቀያየር ብሩን ሳይሆን ሊትሩን ያዙ። ከዛ የሁለቱን መኪና የመግዣ ዋጋ ልዩነት ለዚ ብር አካፍሉት፣ ልዩነቱን በስንት ዓመት እንደምትመልሱ ይወጣላችኋል። አስራ ምናምን ዓመት ከመጣላችሁ ለነዳጅ ብላችሁ ውዷን አትግዙ፣ ባይሆን ጎማና መለዋወጫ ላይ አውሉት።

ከገዛችሁ በኋላ ደሞ አንድ ልማድ ተዉልኝ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ አድርጎ በፎሌ መውረድ። ካርቡራቶር ዘመን ላይ ምናልባት ይቆጥብ ነበር፣ ኢንጀክሽን መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሱ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ካደረጋችሁት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መርጨት ይጀምራል፣ ስለዚ በፎሌ የወረደው ሰው ነው የበለጠ ያቃጠለው፣ በዛ ላይ የሞተር መያዣ ስለሌለው ፍሬኑ ሞቆ እምቢ ይለዋል። ኦቢዲውን ሰክታችሁ በሁለተኛ ወይ በሦስተኛ ማርሽ ከእንጦጦ ስትወርዱ ፍጆታውን ብታዩት ዜሮ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።